የመልሱ ቦታ

ጆንያ በትከሻ፣ ሚዛን በእጄ ይዤ፣
ኮዬ ፈጬ ገባሁ ጭቃውን ተጉዤ።
በዚህ የጤፍ ማሳ፣ ኮንዶሚኒየም በዚያ፣
መሀሉ የኔ ነው፣ የጩኸት ገበያ።
«ቁራሌው! ቁራሌ! ቆርቆሮ ያላችሁ!
የተሰበረ ወንበር፣ ጀሪካን ያላችሁ!»

አንድ ጠዋት ይህን ብዬ ሳልጨርሰው፣
ከአራተኛ ፎቅ ላይ መለሰልኝ አንድ ሰው።
ሰው ነው እንዳልል ቃል የለው፤ ጩኸቴ ነው ተመልሶ፣
የወጣው በባዶ እግሩ፣ የመጣው ነሐስ ለብሶ።
ደግሜ ተጣራሁ። ደግሞ መለሰ፣
የኔን ሦስት ድምፅ ሰባት አድርጎ አፈሰሰ።
አሸዋ የሚያራግፈው ሲኖ እንኳ ዝም አለ፣
ወይም ለጆሮዬ እንደዚያ መሰለ።

ደረጃውን ወጣሁ፣ የሚሸጥ ዕቃ መስሎኝ፤
አንድ ሽማግሌ በካኔተራ በር ከፈተልኝ።
ጋሽ ይፍሩ። ጥርሱ ተሸራርፎ፣
ሳክስፎኑን ካንገቱ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ።
«ምን ይታይሃል?» አለኝ። «ነሐስ» አልኩት፣ «በኪሎ።»
ሳቁን ሳል ቀማው። ተቀመጠ ቀስ ብሎ።

«ስምህ ማነው? ሸምሱ? ስማኝማ ሸምሱ፣
አንቺሆዬ ነው የምትጮኸው፣ እሱ ራሱ።
መጨረሻዋን ድምፅ ትረግጣታለህ፣ ታጎብጣታለህ፤
ማን አስተማረህ? ማንም። ርሃብ ይመስለኛል ያስተማረህ።
እኛ እሷን ለማጉበጥ ካዛንቺስ ስንት ሌሊት አደርን፣
ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ እስኪነጋ በር ተቆልፎብን።
ጃዝ የፈረንጅ ነው ይሉኛል፤ ይሁንላቸው ስሙ፤
ይህ ጉብጠት ግን የማን ነው? እስኪ ወርደው ይስሙ።»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሳልገዛም እወጣ ነበር፤
ስለፈረሰው ቤት ያወራል፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ ከበሮው ወንበር፣
ዶዘር ስለረገጠው ካርቶን፣ ካርቶን ሙሉ ሸክላና ክር።
ሁለት ክንድ ያህል ክር ጎትቶ አድኗል፤
ድምፅ ይታይ ይመስል፣ መስኮቱ ላይ ለብርሃን ይይዘዋል።

አንዴ ከባህል ቢሮ አንዲት ልጅ መጣች፣ ቅጽ ይዛ፣
ጫማዋ ጭቃ የጠጣ፣ ይቅርታዋ የበዛ።
«የቅርሱ ስም፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የተሠራበት ዘመን…»
ለድምፅ የሚሆን መስመር፣ ቅጹን ገልብጠን ፈለግን።
ዳር ላይ በእርሳስ ጻፈች፣ «ይናገራል» ብላ፤
መልሱን ስንጠብቅ ክረምት አለፈ፣ ተተካ ሌላ።

በሐምሌ ተጣራሁ።

ደግሜ ተጣራሁ።

ምራቱ ወይንሸት ደረጃው ሥር ቆማለች፣
ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከረጢቱን ይዛለች።
አልወቅሳትም፤ የቤቱ የባንክ ዕዳ አለባት።
ሚዛኑን አወጣሁ። ሦስት ኪሎ አልሞላም።
ያ ሁሉ ሌሊት፣ ሦስት ኪሎ አልሞላም።

አቃቂ፣ ማቅለጫው በር ላይ፣ ደላላው ዋጋ ጨመረልኝ።
ነገ የቧንቧ ራስ ይሆናል፣ አልኩ በሆዴ፣
ውሃ በሳምንት አንዴ ለሚመጣበት ፎቅ።
ተመለስኩ።

አሁን ቱሉ ዲምቱ፣ አልጋዬ ሥር ነው፣
በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ።
አንድ ማታ ነፋሁት፤ የታመመ ጥጃ ድምፅ አወጣ፤
አከራዬ ግድግዳውን መታች።
እኔ መጫወት አልችልም። ሐሙስ ሐሙስ እወለውለዋለሁ፣
ለቢሮዋ ልጅ እየደወልኩ። አታነሳም፤
ሥራ ቀይራ ይሆናል።

ጠዋት ግን ብሎኮቹ መሀል ስጣራ፣
ከሦስቱ ድምፅ በኋላ እቆማለሁ፣
ሰባት እስክቆጥር።
ትንፋሽ ያጠረኝ የሚመስላቸው አሉ።

ትናንት ከሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ጥርሱን ሲቦርሽ የነበረ ልጅ፣
ትፍ ብሎ፣ ባዶውን በፉጨት ሞላው፤
አምስተኛዋን ሳታት፣ ወደ ታች አጎበጣት።
አላረምኩትም።
«ቁራሌው» አልኩ ደግሜ፣
ቆምኩ።