ባለ አረፋው መስታወት

«ክረምት ሳይገባ ይቀየር» ስንል ስንት ክረምት አለፈ፣
ስቱኮው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እንደ ቆሎ ረገፈ፤
ነፋሱ በስንጥቁ ሾልኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ፣
ሉባባ ጨርቅ ትወትፋለች፣ እኔ ካርቶን በምላጭ
እቆርጣለሁ።
የደሴ ብርድ ግን ካርቶን አያውቅም፣
ከጦሳ ሲወርድ በር አያንኳኳም፣ ማንንም አያስፈቅድም።

ዛሬ አበጋዝ መጣ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
አዲሱን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
በባጃጅ ከቧንቧ ውሃ አምጥቶ።
ፍሬሙን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ፣
«ይኼ የማን እጅ ነው?» አለ።
«ያባቴ።»
«ሚስማር አይሰስቱም ነበር» ብሎ ሳቀ፣
ጉጠቱን መዝዞ ሃያ ሁለቱን አንድ ባንድ ፈለቀቀ።

መስታወቱ ወጣ።
ከታች በቀኝ በኩል፣ ምስር የምታክል አረፋ አለችው፤
አባባ በግማሽ ዋጋ የገዛው እሷን አሳብቦ ነው።

ልጅ ሳለን፣ እኔና ሉባባ አልጋው ላይ ተንበርክከን፣
አንድ ዓይናችንን ጨፍነን፣ አገጫችንን ከደፉ አስደግፈን፣
አንገታችንን ወዲህ ወዲያ ስናደርግ
ጦሳ ከመቀመጫው ይነሣል፣
እንደ አፋር ግመል ይንበረከካል፣
ተመልሶ ይንጠራራል።
«ባቲ ወረደ!» ትላለች እሷ፤
«መጣ፣ ተመለሰ!» እላለሁ።
እናታችን ከጓዳ፣
«ተራራ አትጥሩ፤ አቤት ያለ እንደሆነ ምን ልታበሉት ነው?»

ኋላም፣ ያ ከባድ መሣሪያ ባጓራ ሰሞን፣
የሰፈሩ መስኮት ሲረግፍ፣ ባለ አረፋዋ ብቻ ቀረችልን፤
ሰው ጠፍቶ፣ መስታወት ማን ያመሰግናል፤ እኛም ዝም አልን።

አበጋዝ አዲሱን ገጠመ፣ ስቱኮውን ባውራ ጣቱ ዳበሰ፣
በጋዜጣ ወልውሎ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ተመለሰ።
ጠራ።
ብርዱም ውጭ ቀረ።
ጦሳ ግን ወዲህ ብል፣ ወዲያ ብል፣
እንደ ተከሰሰ ሰው እዚያው ቀጥ ብሎ ተገተረ።

ሉባባ ከሥራ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣
አምሳ ዓመት በሞላው ጉልበቷ አልጋው ላይ ወጣች፤
አገጯን አስደገፈች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣
አንገቷን ወዲህ፣
አንገቷን ወዲያ።
«ሥራው ጥሩ ነው» አለች።

አሮጌውን ጋሽ እንድሪስ
ለዶሮ ቤታቸው ለምነው ወስደውት ነበር።
ይኸው ሦስተኛ ቀኗ፣ ጥሬ በእፍኟ ይዛ በማለዳ ትሻገራለች፤
«ዶሮዎቹን ልያቸው ብዬ» ትላለች።
በልተው፣ ጠግበው፣ ግቢው ውስጥ ከተበተኑ በኋላ እንኳ
እሷ እዚያው ጎንበስ እንዳለች ናት፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና።