ሁለት ዘንግ

ስልኬን እንደ ፋኖስ ወደ ላይ አንስቼ፣
ሳሎኑን ጨርሼ፣ ኮሪደር ገብቼ፣
ዘንግ እየቆጠርኩኝ ቤቴን ሳስስ መሸ።
ኩሽና አራት ነበር፣ መታጠቢያው ሦስት፣
ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እየሳሳ ሸሸ፤
ከኦሽሪት ደጃፍ ሥር አንድ እንኳን አጣሁኝ፣
ባዶ መስታወት ነው በእጄ የያዝኩኝ።

ክፍሏ ማማድ ነዋ፣ የሮኬት መጠለያ!
እንደ ሌላው ግድግዳ በብሎኬት ያልቆመ፣
ብረት የተጠለፈ፣ በሲሚንቶ የታተመ።
“ግድግዳ ጆሮ አለው” ይሉ ነበር አባቴ፤
ደንቆሮ ነው ይኼኛው፣ ኪርያት ጋት፣ ቤቴ።
ከሰማይ የሚወርድ እሳት እንዲመክት አደራ ተሰጥቶት፣
እሳትን ከቃል መለየት ተስኖት፣
ሁለቱንም ከደጅ አቆመ።

አልፈርድበትም ግን።
ሳይረን በጮኸ ሌሊት ሦስታችን ተጣበን
በአልጋዋ ጠርዝ ላይ ስንቀመጥ፣
ይኸው ደንቆሮ ነው ያቀፈን።

ማክሰኞ ዕለት ለሥራ ሊጠይቋት ቀጥረው፣
አሽዶድ፣ ላብራቶሪ፣ ሰዓቱን ነግረው፣
ከላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከታች ፒጃማ ለብሳ
ላፕቶፗን ከፈተች።
“ስለ ራስሽ ንገሪን” ሲሏት፣ “እኔ…” እንዳለች፣
አፏን እንደ ከፈተች እነሱ ዘንድ ደረቀች።
ጠበቁ። ጠሩ። ዘጉ።
እሷም በሩን ዘጋች።

የድርጅቱ ጎረምሳ በስልክ “ነቅለህ ሰካው” አለኝ፤
ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ አሥራ አንዴ አደከመኝ።
ላይ ቤት ያለው ቦሪስ “ማጉያ ግዛ” አለ፤
አማቼ ፈረደ፣ “አንዱን ቀንድ አቁመህ አንዱን አጋድመው” ብሎ ማለ።
እናቴ አዝመራ ከወንበሯ ሆና ሁሉን ታዘበችና፣
“ይኼ የምትፈልገው ነገር ከየት ነው የሚወጣው?” አለች።
አሳየኋት።
ዝም አለች።
ለካ እሷ ነበረች፣
“ዓይኗን እያርገበገበች እንቅልፍ ነሳችኝ” ብላ፣
ከቡፌው ታችኛ ቤት፣ ከድስቶቹ ኋላ፣
ጥልፍ ጨርቅ አልብሳ ራውተሯን የሸሸገች።
አላፈረችም። ይልቅ ተቆጣች፦
“ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ጎረቤት የሚጣራ ማን አለ?
እኛ ማዶ ለማዶ ስንጠራራ
ጉብታ ላይ ወጥተን፣
አፋችንን ወደሚሰማን ሰው አዙረን ነበር።”

ከገበያ አሥር ሜትር ሽቦ ገዛሁ።
ከጫማ ሣጥኑ አናት፣ ከኮሪደሩ መሐል፣
ፊቷን ወደ ማማዱ አዞርኩላት፤
ትልቁን መስታወት ከመንገዷ አነሳሁላት፤
ከብረቱ በር ሥር
የጥበቃ ጫማዬን ሸጎጥኩ፣
ስንዝር የምታህል ክፍተት።
ሁለት ዘንግ።
አራት አይደለም፤ ሁለት።

ሐሙስ ደግመው ጠየቋት።
ስንዝሯ ለሞገድ ብቻ አልሆነችም፤
የልጄ ሳቅ በእሷ ወጣ፣
ዕብራይስጧ ሲፈጥን፣ ሲያመነታ፣ መልሶ ሲቃና።
እናቴ የሚያፏጨውን ድስት አጠፋች፣
እኔ ጉሮሮዬ ላይ የደረሰ ሳል ዋጥኩ፤
ግድግዳው መስማት ቢያቅተው፣ እኛ ጆሮ ሆነን
በካልሲ ቆምን።

መልሱ ገና አልመጣም።
ዓርብ ጀንበር ሳትገባ እናቴ ያንኑ ጥልፍ ጨርቅ ይዛ መጣች፣
“ሰንበት ነው፣ አንቺም ዓይንሽን ክደኚ” ብላ መብራቶቹን ሸፈነች።
ጫማዬ ግን ከበሩ ሥር ነው።
ሥራ የምሄደው በአሮጌው ነው።