በእኔ ይከፈታል

ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ በሰፊው ስክሪኔ፣
ሁሉም ነገር ያምራል፣ ይታዘዛል ለእኔ።
አዝራሩ ሲነካ ጥላውን ይጥላል፣
መርፌው በቪዲዮ ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል፣
"የስፌት መኪና ጥገና፣ ክፍል አንድ" ብሎ
እንደ በር ይከፈታል።

ሰኞ ለቀቅኩትና እሑድ ላይ ቆጠርኩኝ፤
አርባ ሦስት ጀምረው ሰባት አገኘሁኝ
ከአንደኛው ገጽ ያለፉ።
"ሰነፎች!" አልኩ በሆዴ፤ "ነፃ ስለሆነ፣
ያልከፈሉበት ነገር መች ዋጋው ታመነ?"
ሪፖርቱም ላይ እንዲሁ ጻፍኩ፣ ለዘብ አድርጌ፣
"የፍላጎት ማነስ" የሚል ቃል ፈልጌ።

ያን ዕለት ማታ ወርቅያንሹ ደወለች፤
ከፈረቃ መውጣቷ ነው፣ ድምፅዋ ደክሟል፤
"ወንድሜ፣ ነጭ ነው" አለች።
"ምኑ?"
"ገጹ።"
"ዝጊና ክፈቺው።"
"ዘግቼ ከፈትኩት።"
"በእኔ ይከፈታል።"
ዝም አለች። ከኋላዋ የሕፃን ሳል ይሰማል።
"እንግዲህ በአንተ ከተከፈተ" አለች ቀስ ብላ፣
"አንተ ተማረውና ንገረኝ በኋላ።"

ቅዳሜ ከቃሊቲ ሚኒባስ ያዝኩ።
"ዲምቱ! ዲምቱ! አንድ ሰው!" ይላል ረዳቱ፤
ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፣ ላፕቶፕ ያቀፍኩ ከፊቱ።
ብሎክ ሰባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ደረጃው ላይ ተሰልፎ ጀሪካን ውሃ ሲጠብቅ።

ስልኳን ሰጠችኝ። ጥጉ ተሰንጥቋል፣
በፕላስተር ታስሯል።
ከእህቷ የወረሰችው፣ ስድስት ዓመት ያለፈው፤
ብሮውዘሩም የዚያው ዘመን፣ ማንም ያላደሰው።
"'አሻሽዪ' ይለኛል፣ ግን ቦታ የለውም፤
የልጄን ፎቶ ላጥፋ? አላጠፋውም።"

ከፈትኩት።
ነጭ።
ያልተቆረጠ አቡጀዲ።
ቆየት ብሎ ፊደል መጣ፤ ፊደል ግን አይደለም፣
ሳጥን ነው፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ የሚነበብ የለም።
ቀና ስል፣ በመስኮቱ፣ የፊት ለፊቱ ብሎክ
ያንኑ ገጽ ይመስላል፤
ባዶ አራት ማዕዘን በባዶ ላይ ተደርድሮ፣
መጋረጃ የሌለው፣ ሰው ያልገባበት።
"ቀጥል" የሚለው አዝራር ከስክሪኑ ውጭ ወድቋል፤
ጣቷ ጫፍ ድረስ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል።

ይቅርታ ልል ነበር፤ እሷ ግን ቀደመች፣
ከመሳቢያ ውስጥ የመርፌ ጣሳ አወጣች።
"ይኸ ለጂንስ ነው፣ ይኸኛው ደግሞ ለሐር፤
ጨርቁን አይቼ ነው መርፌ የምቀይር።
ጂንስ መርፌ ቢሰብር ጂንሱ አይሰደብም፤
ጥፋቱ የመራጩ ነው፣ የጨርቁ አይደለም።"
ያለችው ስለ ጨርቅ ነው፤ እኔ ግን ቆሰልኩ፤
"የፍላጎት ማነስ"፣ ቃሌን አስታወስኩ።

ላፕቶፔን ልብስ መተኮሻው ላይ ዘረጋሁ።
የሚሽከረከረውን፣ የሚንሳፈፈውን፣
ሦስት ሌሊት ያደርኩበትን ያን ሁሉ ጌጥ
እንደ ተበላሸ ስፌት ተረተርኩት።
ፊደሉን ከገጹ ጋር አብሬ ላክሁት፣
ከባዱን ቪዲዮ በሥዕል ተካሁት፣
"ቀጥል"ን ከገደሉ ጎትቼ መሃል አስቀመጥሁት።

"አሁንስ?"
"ቆይ… እየመጣ ነው… የስፌት… መኪና…"
ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ግንባሯን ቋጥራ፣
"ሁለተኛው መስመር ተሳስቷል" አለች፣
"ክሩ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።"

ወሬው ደረጃውን ወረደ። ስልክ በስልክ ሆነ ቤቱ፤
የእነ ሌንሴ፣ የዳምጠው፣ የዘበኛው የአቶ ጉተማ።
አንዱ ላይ ተለጠጠ፣ አንዱ ላይ ጠበበ፣
አንዱ ላይ ድምፁ ጠፍቶ ጽሑፉ ተነበበ።
በደብተር ያዝኳቸው፤ ስልኩን፣ ዓመቱን፣ ብሮውዘሩን፤
አሥራ አንደኛው ላይ መብራት ሄደ።

በጨለማ ወረድኩ።
ፈተናው አሁንም በእሷ ስልክ ነጥብ አይዝም፤
አሥር ብታመጣም ዜሮ ይላል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።
ማክሰኞ እመለሳለሁ ብያለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከጎኔ ያለው ሰው
ስልኩን አውጥቶ ሲያበራ
አንገቴን አስግጌ አየሁት፤
የስንት ዓመት እንደሆነ።