ፍሪሲዮን

ሙሜ መጣ ረፋድ፣ በሁለት ክራንች መሐል፣
ፒካፑ ከኋላው በገመድ ይሳባል።
«አቦ፣ ስኳር» አለኝ፣ «ግራዬን በላና
ይኸው ከጉልበት ታች ሱሪ ቀረኝና፣
ፍሪሲዮን የሚረግጥ የለኝም እንግዲህ።
ሽጠው አሉኝ ልጆች። መኪናዬን? እህ!
በቀኝ ብቻ የሚሄድ አድርገህ ስጠኝ።»

ድሬ አንቱታ የላት፤ «አንተ» አልኩት፣ «ስማኝ።
ካምቢዮው ብቻ አይደል፤ ቮላኖው፣ ካርዳኑ፣
አንዱን ስትነካው ይነሳል ወገኑ።
በዚህ ብር ሌላ ግዛ።»
ዝም አለ። መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጣለ፣
በድሬ ፀሐይ ብረቱ እየጋለ፣
አላነሳውም። «ሠላሳ ዓመት» አለ፣
«ሽንኩርት ያወረድኩት ከሐረማያ ሜዳ
በዚሁ ነው፤ ሌላው ለኔ እንግዳ።»

ካምቢዮ አገኘሁ ከመኪና ሬሳ፣
በጅቡቲ መንገድ ተገልብጦ ካልተነሳ።
ገጠምኩት። ካርዳኑ አራት ጣት ተረፈ።
ተሸክሜው እግሬ ወደ ከዚራ ከነፈ፣
ሙሴ አስራት ዘንድ፣ ዕድሜውን የፈጀ
በባቡሩ ቶርኖ፤ ጡረታ ሲወጣ
ጓሮው ውስጥ የራሱን ቶርኖ ያበጀ።
በፈረንሳይኛ ተሳድቦ ቆረጠልኝ፣
መነጽሩን ጠርጎ፣ ለክቶ፣ በየደልኝ።

ኢፍቱ፣ ተለማማጄ፣ ከመኪናው ሆድ በታች
በጀርባዋ ተኝታ ቡሎን ስታጠብቅ አመሸች።
ቀዩ ዘይት ፊቷ ላይ ሲንጠባጠብ ሳቀች፣
«የሮማን ጭማቂ!» ብላ በክርኗ ጠረገች።
እኔ ትርፍ ራዲያተር ከፊት ሰቀልኩለት፤
የድሬን ሙቀት የጃፓን መሐንዲስ
መቼ ያውቅና አሰበለት?

ከሁሉ በኋላ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ፈታሁ።
ጎማው ካለቀ ቆይቷል። ብረቱን አየሁ፦
አንድ ጫማ ሠላሳ ዓመት ልሶት፣
በአንድ ጎን ሳስቶ፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም አብለጭልጮ።
ልጥለው ነበር። ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

የድሮው ማርሽ አናቱ ላይ ቁጥር ነበረው፤
አዲሱ ፊደል ነው፣ የፈረንጅ። ሙሜ አየው፣ አየው።
«ቁጥር እጄ ያውቃል፣ በጨለማም አይስት።
ይሄን ግን...» ብሎ ተወው።
ኢፍቱ ምንም አላለች። ነጭ ቀለም ነከረች፣
በክብሪት እንጨት ጫፍ ከየፊደሉ ጎን ሣለች፦
ለመቆሚያው ድንጋይ፣ ለኋላው የፍየል ጭራ፣
ለባዶው ቀለበት፣ ለመሄጃው አሞራ፣
ከሁሉ ታች ላለው፣ ለቁልቁለት፣ ጥፍር።
«ስትወርድ እዚህ» አለችው፣ «ፍሬን ብቻ አትመን፤ ቧጥጠህ ውረድ፣ በጥፍር።»

በአምስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ወጣን ወደ ደንገጎ፣
ሙሜ መሪውን እንደ ሙሽራ እጅ ፈራ ተባ ይዞ፣
ቀኝ እጁ ሥራ ፈትቶ፣ የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት፣
ጭኑ ላይ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ፣ ከዚያ ጺሙ ላይ።
ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ሞተሩ አማጠ።
የግራ ጭኑ ተነሳ። ባዶው ሱሪ ተወዛወዘ።
ማርሹ በራሱ ሊለወጥ ሲል፣ በዚያው ቅጽበት፣
የሌለ እግሩ የሌለ ፔዳል ረገጠ።
አልቸኮለም። ሞተሩን አዳምጦ፣
እንደ ደህና ሾፌር፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ።
«ገባ» አለ።
ምን ልበል? «ገባ» አልኩት።

አናት ላይ አቆምን። ድሬ ታች፣ በጭጋግ ውስጥ፣
የደቻቱ አሸዋ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል።
ቀሪውን ሦስት ሺህ ሽንኩርት ሲወደድ እከፍላለሁ አለኝ፤
ሽንኩርት ግን ዘንድሮ የሚወደድ አይመስልም።
«ፔዳሉን አልጣልከውም አይደል?»
«ምስማር ላይ ነው።»
«እዚያው ይቆይ።»
ከኋላ ኢፍቱ ጣሪያውን በቡጢ መታች፦ ብርድ ነው፣ እንሂድ።
ጣቱ በፊደሎቹ አጠገብ አለፈ፤ ድንጋዩን ትቶ፣
አሞራውንም ዘሎ፣ ጥፍሯን ፈልጎ፣
ቁልቁለቱን ጀመርን፣ ያቺ ላይ አድርጎ።