ቃለ ጉባኤ፣ ቡሬ

ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣
በቡሬ ከተማ፣ በማኅበራችን ቤት፤
የተገኙ ሰባት፣ ያልተገኘ አንድ፤
(ይኸነው ቀርቷል፤ ሞቶበታል ዘመድ።)
አጀንዳ፦ የበርበሬ ማድረቂያ፣
በፀሐይ የሚሠራ፣ ባለ ማራገቢያ፤
ወጪው ከመጠባበቂያ።

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ቃል እመዘግባለሁ፤
ያልተባለውን ግን የት አሰፍረዋለሁ?

ባለፈው ወር ዝናብ፣ ሳይጠራ መጥቶ፣
ስልሳ ኩንታል በርበሬ እንደተሰጣ ቀርቶ፣
ሻጋታ አብቅሎ፤ ነጋዴው አሽትቶ
«ይህ ለማንም አይሆን» ብሎን ሄደ ትቶ።

ሊቀ መንበር አለኸኝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
«ብሩ የአባል ነው፣ አደራ ነው» አለ፤
«ቢጠፋ ማን ሊቆም ነው፣ ከፊታቸው ወጥቶ?»
ቄስ እንየው ቀጠሉ፦ «እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤
ሌሎቹ ይሞክሩት፣ እኛ እንይ፤ ምን ይጎዳል?»
ወይዘሮ አንጓች ከጥግ ተነሥታ፦
«አባ፣ ያ እንቁላል እኮ፣ በእግሩ የሚሄደው
ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ዶሮ ስትታቀፈው።»

ዝምታ።
(ዝምታን በምን ቃል ልጻፈው?)

ሒሳብ ሹሟ ጥሩአየሁ «ይሳካል» አላለች፣
«አይሆንም»ም አላለች፤
ካልኩሌተሯን ገፍታ ይህን ጠየቀች፦
«ስንት ብናጣ ነው፣ ለሰኔ ዘር የማናጣ?
ያን ያህሉን እንድፈር፤ ከዚያ በላይ አናውጣ።»

«ሦስት ማድረቂያ» የሚለው ተሰርዞ «አንድ» ሆነ፤
«ግዢ» የሚለው ቃል «ሙከራ» ተባለ፤ ለዘበ፣ ተመጠነ።
(ስርዙ ይታያል። ፈርሜበታለሁ።)

እጅ ይውጣ ተባለ። አራቱ ቶሎ ወጣ፤
የሊቀ መንበሩ፣ ኩንታል ያነሣ ይመስል፣ ዘግይቶ መጣ።
ቄስ እንየው፦ «አልደገፍኩም ብለህ ስሜን ጻፍ ዛሬ፤
ጣሪያው ሲመታ ግን ምስማር አቀብላለሁ አብሬ።»

ሰባተኛው ድምፅ፣ «ተአቅቦ» የተባለ፣
የኔ ነው። ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለ።
ሃያ ዓመት የሰው ድፍረት በጥሩ እጅ ጽፌ፣
የራሴን ሳልሞክር፣ ብዕሬን ታቅፌ።

ስብሰባው ሰባት ሰዓት ላይ ተዘጋ።
«ውጤት» ከሚለው ፊት አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ።
ውጭ ደመና አለ፤
ይህ በቃለ ጉባኤው አልተያዘም።
አንጓች በርበሬ ስትለቅም ባደረ አውራ ጣቷ
ቀለሙን ነክታ ፈረመች፤
ያን ገጽ በገለጥኩት ቁጥር
ያስነጥሰኛል።