ሲባጎ

ወሩ የካቲት ነው። ጭጋግ ሸለቆው ላይ ተኝቷል እንደ ድመት፤
ማን ስለ እሳት ያስባል፣ ጣት በሚያደነዝዝ ውርጭና እርጥበት?
ፎንቴ ሴካ ታስባለች።
"ደረቅ ምንጭ" ማለት ነው፤ ፖርቱጋል ውስጥ፣ ተራራ ሥር ያለች።
ወጣቷ ሊዝበን ነው፣ ወጣቷ ፓሪስ ነው፤
እዚህ የቀረላት ሽበት፣ ውሻ፣ ምርኩዝ ነው።
ከሠላሳው ቤት ውስጥ የሚጨስ አሥራ አንድ ብቻ፤
የተዘጋው ደጅማ የእሾህ መከማቻ።

ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ የቪላሪንያ ሰዎች፣
በአንዲት የመስኖ ቦይ አርባ ዓመት ያኮረፉ ጎረቤቶች፣
ቅዳሜ ማለዳ ከች አሉ፤ ሞተር መጋዝ ይዘው፣ ፍየል እየነዱ።
ፍየሎቹ ቁጥቋጦውን፣ ሰዎቹ ጥዱን ወረዱ።
እኛ ደቦ የምንለውን
እነሱ ምን እንደሚሉት አልጠየቅሁም።

ባሕር ዛፍ ይባላል በእኔ ቋንቋ ያ ዛፍ፤ እዚህም በባሕር ነው የመጣው።
ስሙ የባሕር፣ ጠባዩ የእሳት ነው።
ውሃ ጠጥቶ ያድግና ነበልባል ሲነካው ይፈነዳል፤
ቅርፊቱ እየነደደ በርሮ ሌላ ኮረብታ ላይ ይወርዳል።

ደኦሊንዳ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው።
ከግድግዳዋ አምስት ክንድ ርቆ የቆመውን
ባሏ ነበር የተከለው፣ ለልጃቸው ሠርግ፣ ሸጠው ሊደግሱ፤
ልጅቱ ሳትዳር አገር ለቀቀች፤ ዛፉ ቀረ ለእሱ።
ባልም ሞተ። ዛፉ አደገ። ጣሪያዋን አለፈ።
"ይሄኛውን ማንም አይነካም!" አለች፤ ምርኩዟ ግንዱ ላይ አረፈ።

አልባኖ መጋዙን አጠፋ። አልተከራከረም።
(ያኔ ቦዩን የደፈነው የአልባኖ አባት ነው፤ እሷ አልረሳችም።)
ጉቶ ላይ ተቀምጦ ዳቦና ሽንኩርቱን ፈታ፤
ግማሹን ሰጣት። በሉ፣ ሳይነጋገሩ፣ ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው፣ እስከ ማታ።

በማግስቱ ራሷ ጠራችው። "እኔ ነኝ የምጀምረው" አለች፤
እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ከእጁ ሥር፣ እጀታውን ያዘች።
ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ጮኸ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ቀና አለች፤
"ይሄ ሁሉ ሰማይ ነበረኝ እንዴ?" አለች።

ዙልሚራ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ ነች፤ የማን ጉልበት እንደከዳው ታውቃለች፤
በአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ስምን ከስም ታጣምራለች።
ኦዴቴን ቫስኮ ያዝላታል። የቫስኮን አህያ ኢልዳ ትፈታለች።
ደወሉ ሦስቴ ሲመታ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፤
ድንጋይ ነው፤ የሚቃጠል የለውም።
"ኤርሚኒዮስ? እሱ ደወል አይሰማም።"

ዝም።

"ሲባጎ" አለች የአልባኖ የልጅ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ማፋልዳ።
ከኤርሚኒዮ እግር አውራ ጣት፣ በመስኮቱ ቀዳዳ፣
በአጥሩ ላይ ተስቦ፣ እስከ ደኦሊንዳ ጓዳ።

ግንቦት ላይ ተለማመዱ። ደወሉ ጮኸ፤ ደኦሊንዳ ሳበች።
ኤርሚኒዮ ወጣ፤ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በብብቱ አውራ ዶሮ፤
የማዶውና የወዲሁ ሰው አብሮ ሳቀ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይላል የአገሬ ሰው።
እዚህ ግን ቅጠሉ ራሱ ነው የሚፈራው፤
ከጣሪያ፣ ከአሸንዳ ጠርገው በጆንያ እያወጡት ነው።

አሁን ሐምሌ ነው። የእነሱ ሐምሌ ዝናብ አያውቅም፤
ነፋሱ ይጋረፋል፣ ሣሩ ተረግጦ አይነሣም።
ከሩቅ ቀጭን ጭስ ይታያል፤ ሰው ሁሉ ከሥራው ቀና ይላል፤
ጭሱ ይጠፋል።

ማታ፣ መብራት ከማጥፋቷ በፊት፣ ደኦሊንዳ
ሲባጎውን ትስባለች፤ አንዴ፤ በስሱ።
እሳት የለም። ደወል የለም።
ትጠብቃለች።
ከአጥሩ ወዲያ፣ ከጨለማው፣ ቆየት ብሎ፣
ሲባጎው ይሳባል ወደ እሱ።