ምርመራ የሚለው ዓምድ

እኔ ማርዩን ነኝ፤ ከፋሮ ደሴቶች፣ ከምዕራቡ ጫፍ፣
ከገደሉ ጥርስ ላይ፣ ከመብራቱ ማማ፣ ከነፋሱ አፍ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በቀን አራት ጊዜ መዝገብ የምጽፍ።
ብጽፍስ ምን ጻፍኩኝ? ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር፤
ነፋስ ይህን ያህል፣ ዝናብ ስንት ሚሊሜትር፣
የግፊቱ መውረድ፣ የደመናው ስፍር።

በገጹ ቀኝ ዳር ላይ፣ ዓምዱ ሁሉ አልቆ፣
አንድ ጠባብ ስፍራ አለ፣ ከጠርዙ ተጣብቆ፤
"ምርመራ" ይላል ራሱ ላይ፤ ቃሉ ያስፈራኛል፤
ማን ሊመረምረኝ? ምን አጥፍቻለሁ? ያሰኘኛል።
ስለዚህ ሰረዝ አሰምራለሁ፤ በየቀኑ ሰረዝ፣
የጸዳች፣ የማትዋሽ፣ ተናግራ የማትያዝ።
ቆጥሬያቸው ነበር አንድ የክረምት ሌሊት፦
አርባ አምስት ሺህ ሰረዝ፣ አርባ አምስት ሺህ ዝምታ፣ ያለ አንዲት ስሕተት።

መምህር አስሙንድ "ስለ ባሕር ጻፉ" ብሎን በዘጠኝ ዓመቴ፣
"ባሕሩ ዛሬ ምሳ አልበላም" አልኩኝ፤ ይኸው ነው ኃጢአቴ።
ጮክ ብሎ አነበበው፤ መነጽሩን አውልቆ፣ "ባሕር ይበላል ወይ?"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዮአኒስ ጠረጴዛ ደበደበ፣ እንባው እስኪታይ።
በዚያው ዓመት መጋቢት፣ የዮአኒስን አባት ባሕር በላው።
"ትክክል ነበርሽ" ያለኝ የለም፤ ቢሉኝም አልፈልገው።
ከዚያ ወዲያ እርሳሴን እንደ ውሻ ከቁጥር ጋር አሰርኩት፣
ቃል ባየ ቁጥር ሲጮህ፣ ዝም በል እያልኩት።

አልሞከርኩም አልልም።
ማታ ማታ፣ መጀመሪያ የፋኖሱን መስታወት እወለውላለሁ፣
ከዚያ የሹራቤን ቀዳዳ እደፍናለሁ፣ ከዚያ ዓሣ እቀቅላለሁ፣
እርሳሱን እቀርጻለሁ፤ ደግሜ እቀርጻለሁ፤
ጉማጅ ሲሆን "በቃ፣ ነገ" እላለሁ።
አንድ ጊዜ ሦስት መስመር ወጣኝ። አንብቤው አፈርኩኝ፤
ሰው በሌለበት ማማ፣ ማንን እንደፈራሁ እንጃ፣ ግራ ቀኝ አየሁኝ፤
ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ለመንደድ እንኳ አልዘገየም፤
ያን ሌሊት ክፍሉ ከወትሮው የሞቀ አልመሰለኝም።

የካቲት ውስጥ አንድ ንጋት፣
ነጩን የሙቀት መለኪያ ሳጥን ከፈትኩ በፋኖስ፤
ከመስታወቱ ላይ ወፍ ተኝታለች፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል በጭንቅ እስትንፋስ።
ቁጥሩ ከሆዷ ሥር ነው። ላነሳት እጄን ሰደድኩ፤
አንድ ዓይኗን ከፈተች። እጄን መለስኩ።

ቁጥር የለኝም! በመዝገቤ ዕድሜ የመጀመሪያው ክፍተት።
ምክንያት ይጻፋል፤ ደንብ ነው፤ የት? እዚያች ጠባብ ቤት።
እጄ ተንቀጠቀጠ። በአንዴ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ የኋላው ረድፍ ሳቀ።
"ሙቀት አልተለካም" ብዬ ላቆም ነበር፤ እርሳሱ ግን ዘለቀ፦
"ሳጥኑ ውስጥ ወፍ ተኝታለች።
ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ነፋሱ ግን ያውቃል።
ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን የነቃሁ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ ስልክ። ቶርስሃውን፣ መሥሪያ ቤት፣ ሬጊን፤ ከድምፁ በቀር የማላውቀው።
"ነፋስ?" መለስኩ። "ግፊት?" መለስኩ። "ሙቀት?" ሲል ግን ተዘጋ ጉሮሮዬ፤
አነበብኩለት ቆሜ፣ እንደ ተከሳሽ፣ ቃል በቃል፣ ኧረ ጌታዬ!
ዝም አለ። ሽቦው ብቻ ጮኸ፣ እንደ ሩቅ ዝናብ።
"ድገሚው" አለ። አበቃልኝ! ደገምኩ፣ አሁን ቀስ ብዬ፣ እንደ ማንበብ።
የብዕሩን ፍጨት ሰማሁ ከማዶ።
"ቀለሟስ?" "ቡናማ፤ ጅራቷ ሥር ነጭ።" "ሌላስ?" አለኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ "ሌላስ?" ያለኝ ሰው አልነበረኝ።

በማግስቱ ሄዳለች፤ አንድ ላባ ፍርግርጉ ላይ ቀርቶ፤
ሙቀት አራት፣ ነፋስ ሰባት፤ መዝገቤ ሁሉ ሞልቶ፣
ምክንያት የሚጠይቅ ክፍተት የለም፤ ደንብም አላስገደደኝ።
ሰረዜን ላሰምር ጎንበስ አልኩ። እርሳሱ እምቢ አለኝ።
እጄማ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጥቀጥ፤ አልያዝኩትም።
ከገደሉ ሥር ማዕበሉ ድንጋይ ድንጋዩን ይልሳል፤ አልጠገበም።
"ምርመራ" ከሚለው ሥር፣ ከጠርዙ አልፎ እስኪወጣ፣ በትልቁ፣ ሳልሰርዝም፦
"ባሕሩ ዛሬ ምሳ አልበላም።"